ዓሣው በቶን፣ አጥማጁ በአደጋ ዜና

መንጠቆ ይዞ ውኃ ዳር የሚቀመጥ የጅማ ሰው ዜና ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ሲሰምጥ ነው። ውኃው ካልወሰደው፣ ጉማሬ ካላባረረው ማንም አይፈልገውም። ዓሣው ግን ይፈለጋል። በኪሎ፣ በኩንታል፣ በቶን ተቆጥሮ፣ "ዘንድሮ ይህን ያህል ለማምረት ታቅዷል" ተብሎ ከዕቅድ አፈጻጸሙ ጋር ይነበባል። ዓሣውንም ሳይሸጥ፣ እሱም ሳይሰምጥ፣ ማታ ጫማውን አራግፎ ቤቱ የሚገባው ሰው ታዲያ የት ሄደ?

እሑድ ከሰዓት ወደ ቦዬ ወጣ ያለ ያገኘዋል። ቦዬ የጅማ ሰው ጉማሬ ሊያይ የሚሄድበት ረግረግና ውኃ ነው። እንግዳ የመጣበት ሰው ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ካሳየ በኋላ፣ ቀኑ ካልመሸበት ወደዚያ ጎራ ይላል። ልጆች ቀርከሃ ላይ የናይሎን ክር አስረው፣ ትል ሰክተው ይወረውራሉ። አንዱ በኦሮምኛ "ቁርጡሚ!" (ዓሣ!) ብሎ ሲጮህ ሌሎቹ ይሮጣሉ፤ የወጣው ብዙውን ጊዜ ከመዳፍ አያልፍም። ባለፈው ከልጆቹ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ጎልማሳ አየሁ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ክሩ ላይ አፍጥጧል። ተጠግቼ "ምን ያዙ?" አልኩት።

"ምንም።"

"ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ምን ይሠራሉ?"

"ሥራማ አይደለም" አለኝ፤ ዓይኑን ከውኃው ላይ አላነሳም።

ይህ መልስ በእኛ ዜና ውስጥ የሚገባበት ዓምድ የለውም። ስለ ዓሣ ሲወራ ጋዜጠኛው የሚይዛቸው ሳጥኖች የታወቁ ናቸው፤ ምርት፣ የሥራ ዕድል፣ ጾም፣ ሕገ ወጥ መረብ፣ አደጋ። "ሥራ አይደለም" ያለ ሰው አንዱም ውስጥ አይገባም።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ለመዝናኛ ዓሣ ማስገር ባወጣው መመሪያ ላይ የሰጠው ትርጉም ቀላል ነው። አጥማጁ ለዕለት ምግቡ በዋነኝነት የማይደገፍበት፣ የተያዘውም ዓሣ በአብዛኛው ገበያ የማይወጣ ማስገር ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ቦዬ ዳር ሲደርስ ግን ይንገዳገዳል። ያ በመዳፉ ልክ የሆነ ዓሣ የያዘው ልጅ ሊጫወት ነው የመጣው፤ ከቀናው ለእናቱ ይወስዳል፤ ሁለት ከያዘ አንዱን መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ይሸጣል፤ በገንዘቡም ሌላ መንጠቆ ይገዛል። ይህ ልጅ መዝናኛ ነው፣ ቀለብ ነው ወይስ ንግድ? እንደኔ ሦስቱንም ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የተሠራው ክፍፍል እዚህ ቁልጭ ብሎ ስለማይታይ፣ ዘጋቢው ለራሱ በሚቀለው በኩል ይቆርጠዋል፤ ማኅበር ያለውን "አምራች" ይለዋል፣ ማኅበር የሌለውን ዝም ይለዋል።

ጅማ ዙሪያ ያለው ትልቁ ውኃ የግልገል ጊቤ ግድብ ያጠራቀመው ሐይቅ ነው። ግልገል ጊቤ 1 በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዜናው ቋንቋ ሜጋ ዋት ነበር፤ 184። ቀጥሎ ግልገል ጊቤ 2 መጣ፤ ከመጀመሪያው ግድብ የሚወጣውን ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ወስዶ 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ በቀናት ልዩነት ከዋሻው አንድ ክፍል ሲደረመስ እንደገና ዜና ሆነ። ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንዳለ፣ ዳሩ ላይ መረብ የሚጥልም መንጠቆ የሚወረውርም እንዳለ ለመስማት ሌላ ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እሱም ሲመጣ "በግድቡ የተደራጁ ወጣቶች ተጠቃሚ ሆኑ" በሚል ይመጣል። ክፉ ዜና አይደለም። ወጣት ተደራጅቶ ቢጠቀም ማን ይጠላል? ችግሩ ውኃው በዜና ውስጥ ሁልጊዜ ማሽን ሆኖ መምጣቱ ነው፤ ወይ መብራት ያወጣል ወይ ዓሣ ያወጣል።

ከምርት ቀጥሎ ዓሣ ዜና የሚሆንበት ሁለተኛው ወቅት ዐቢይ ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ካሜራው ወደ ሐዋሳ አሞራ ገደል ይሄዳል፣ ዋጋ ይጠየቃል፣ "ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም" የሚለው ክርክር ከተቀመጠበት ይነሳል፣ ከትንሣኤ በኋላ ሁሉም ይረሳል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ዓሣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጎን ሌማቱ ላይ ወጥቷል፤ ያው የምርት ዜና ነው። ጅማን በተመለከተ ግን ከሁዳዴ ዘገባዎች ሁሉ ሲቀር የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ሥጋ ቤት ስንሄድ "የማን ባራኪ ነው?" የምንል ሰዎች ነን፤ የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ እያልን ሠርግ ላይ ሳይቀር ሁለት ድንኳን እንተክላለን። ዓሣ ግን አይታረድም። በእስልምናም ያለ እርድ ሐላል ነው። ከቦዬ የወጣ ቆሮሶ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ጎረቤት ያለ አንድም ጥያቄ በአንድ ትሪ ያቀርባል። ይህን አንድ ዘጋቢ ቢያነሳው ከስንት የ"አብሮ መኖር" ዶክመንተሪ የበለጠ ይናገር ነበር።

ሦስተኛው አደጋ ነው። እዚህ ላይ ጋዜጠኛውን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ዜና የሚባለው ነገር አፈጣጠሩም እንዲሁ ነው። ዮሃን ጋልቱንግና ማሪ ሩጅ የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት አንድ ክስተት ዜና ለመሆን ምን ምን እንደሚያስፈልገው ዘርዝረው ነበር። ድንገት መሆኑ፣ መጠኑ ከፍ ማለቱ፣ አሉታዊ መሆኑ፣ ታዋቂ ሰው ያለበት መሆኑ ከዝርዝሩ ይገኙበታል። ዓሣ ማጥመድን በዚህ መስፈርት መዝኑት። ድንገተኛ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው። ታዋቂ ሰው የለበትም። ጉዳት የለውም፣ ለዓሣው ካልሆነ በቀር። እንግዲህ ሰውዬው አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ምንም አለመያዙን የትኛው የዜና አዘጋጅ አርዕስተ ዜና ያደርገዋል?

ለዚህም ነው ውጭ አገር፣ መንጠቆ ይዞ መውጣት እንደ እግር ኳስ የተለመደበት ቦታ እንኳን፣ ነገሩ ከዓሣ ገጽ ወጥቶ ዋናው ዜና ላይ የሚደርሰው ሲበላሽ የሆነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 መጨረሻ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኢሪ ሐይቅ ላይ በተደረገ ውድድር ሁለት ሰዎች ባቀረቧቸው አምስት ዓሦች ሆድ ውስጥ አሥር የእርሳስ ብረት ቁራጭ ተገኘ። ክብደት እንዲጨምርላቸው ነው። ሽልማቱ ወደ 29 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። የውድድሩ ኃላፊ የዓሣውን ሆድ ሲቀድ፣ እርሳሱ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ሲጮህ የሚያሳየው ቪዲዮ በጥቂት ቀን ዓለምን አዳረሰ። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱም አሥር ቀን እስር ተፈረደባቸው፤ ጀልባቸውም ተወረሰ። እኛም አየነው። ስለ ዓሣ መንጠቆ ምንም ሰምቶ የማያውቅ የሰፈሬ ሰው ሳይቀር "እርሳስ ያጎረሱትን አየህ?" ብሎኛል። በዓለም ላይ ስንት ሚሊዮን ሰው በየሳምንቱ በሰላም አጥምዶ እንደሚመለስ ግን ከዚያ ቪዲዮ አይታወቅም። የበርበሬ ነጋዴ ሁሉ ሸክላ ቀላቃይ ነው ብሎ እንደማሰብ ነው።

ሌላው የውጭው ዜና የሚወደው ክብረ ወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ግብፅ ናስር ሐይቅ ላይ በመንጠቆ የወጣው የናይል ፐርች፣ ጫሞ ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው ዘር፣ 104 ኪሎ መዝኗል። ናስር የሚጠራቀመው ውኃ ከፊሉ ከጎማ ተራሮች ተነስቶ በዴዴሳ በኩል ዓባይ የገባ ነው፤ ማለትም ከጅማ ዞን ግቢ የወጣ። ይህን ለማለት ያህል ነው እንጂ ዓሣው የእኛ ነው እያልኩ አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ ዜና ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ፎቶ አለ፤ ሰውዬው ዓሣውን አቅፎ፣ ክንዱን ወደ ካሜራው ዘርግቶ ፈገግ ብሏል። ክንዱን የሚዘረጋው ዓሣው ትልቅ እንዲመስል ነው። የቦዬ ልጆች ያንን ዘዴ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ የመዳፏን ዓሣ ስልክ ላይ አዞ ያስመስሏታል።

አሁን የሚያናድደኝ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ባሌ ውስጥ፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ አለ። እሱን ለማጥመድ ፈረንጆች ውድ ዘንግ ተሸክመው ይመጣሉ። በእኛ ሚዲያ እነዚህ ሰዎች "ቱሪስቶች" ናቸው፤ የሚያደርጉት "የኢኮ ቱሪዝም አቅም" ነው፤ ዘገባው ላይ አረንጓዴ ተራራና የማሲንቆ ድምፅ ይገባበታል። ያንኑ ሥራ፣ ከቀርከሃ በተሠራ ዘንግ፣ አንድ የጅማ ልጅ ሲሠራው ሥራ ፈት ነው። ትምህርት ቤት ቀርቶ ውኃ ዳር የዋለ፣ ወላጁ ያልመከረው፣ ነገ ሊሰምጥ የሚችል። ፈረንጁ ሲቀመጥ "ከተፈጥሮ ጋር ተገናኘ" ይባላል፤ የእኛው ሲቀመጥ "ጊዜውን አልባሌ ቦታ አሳለፈ"። መቀመጡ አንድ ነው። ዓሣው እንዲያውም የጅማው ልጅ በልቶታል፣ ፈረንጁ መልሶ ለቆታል።

መልሶ መልቀቁም ቢሆን ውጭ አገር ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ዓሣ ሕመም ይሰማዋል አይሰማውም የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2003 በስኮትላንድ የተደረገ ጥናት የትራውት ከንፈርና ፊት ላይ ጉዳትን የሚለዩ ነርቮች አሉ ካለ ወዲህ በየጊዜው አርዕስተ ዜና ይሆናል። ስዊዘርላንድማ ለመልቀቅ ብሎ ማጥመድን በሕግ እስከመከልከል ደርሳለች፤ የያዝከውን ብላ፣ ካልበላህ አታሰቃየው ነው ነገሩ። ለቦዬ ልጆች ይህ ሕግ ቢነበብላቸው የሚስቁ ይመስለኛል።

ቃላችንም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። "ማጥመድ" ስንል ወጥመድ አብሮ ይመጣል፤ ፈንጂም ይጠመዳል፣ ሰውም ይጠመዳል። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ብለን ያሳደግነው ልጅ ውኃ ዳር መንጠቆ ይዞ ቢታይ ነገር ፈላጊ ይመስለናል። መሥሪያ ቤቶችና ዜና አንባቢዎች "ማስገር" የሚሉት ቃል ደግሞ ከደብዳቤ ውስጥ የወጣ ይመስላል፤ ቦዬ ዳር "ላስግር ነው የምሄደው" የሚል ሰው አልሰማሁም። የመንጠቆ ጨዋታ የሚጠራበት የራሱ ደስ የሚል ስም የለውም። ስም የሌለው ነገር ዜና ውስጥ መግባት ይከብደዋል።

ታዲያ ባይገባስ ምን ይጎድላል? ሰው ቁጭ ብሎ መዝናናቱን ቴሌቪዥን ባያሳየው አይሞትም። እውነት ነው። የሚጎድለው መዝናናቱ አይደለም፤ ምስክርነቱ ነው።

ውኃን እንደ መንጠቆ አጥማጅ የሚያውቅ የለም። ክሩ ላይ የሚያስረው ድንጋይ ወይም እርሳስ መሬት እስኪነካ ስንት ክንድ እንደሚወርድ ያውቃል፤ አምና ስድስት ክንድ የነበረው ዘንድሮ አራት ከሆነ ደለል ገብቷል ማለት ነው። በግልገል ጊቤ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ደለሉ በዚያው ከቀጠለ ሰባ ዓመት ይቆያል የተባለው ግድብ በ24 ዓመት ገደማ ሊሞላ ይችላል ብሎ ገምቶ ነበር። ግምት ነው፤ ትክክል ይሁን አይሁን የሚለካው በመሣሪያ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት አንድ ዘጋቢ ወርዶ ሐይቁ ዳር የሚውሉትን ሰዎች "ክራችሁ ስንት ይወርዳል?" ብሎ ቢጠይቅ ቀላል፣ ርካሽና ጥሩ ዜና ነበር።

ወባውንም እንዲሁ። የጅማ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ለግድቡ ሐይቅ ቀርበው የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ዓሣ ደግሞ በብዛት የሚነክሰው ሲመሽና ሲነጋ ነው፤ የወባ ትንኝም ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። የአደጋ ዜናው ስለ ጉማሬና ስለ መስመጥ ሲያወራ፣ በማታው ክር ጥሎ የሚቀመጠውን ልጅ ትንኟ ዝም ብላ ትወስደዋለች። ጉማሬ ዜና ነው፣ ትንኝ አይደለችም። ጋልቱንግና ሩጅ ትክክል ነበሩ ማለት ነው።

ክረምትም ሌላው ነው። በርበስ የምንላቸው የወንዝ ዓሦች ዝናብ ሲጀምርና ወንዝ ሲሞላ እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ይወጣሉ። ልክ በዚያ ሰዓት ወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው እንቁላል የያዘችውን እናት ይይዛል። አብዛኛው ሰው ይህን በክፋት አያደርገውም፤ የነገረው የለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዜናችን በችግኝና በጎርፍ ስለሚሞላ ለዓሣ እናቶች ቦታ የለውም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስለ አዋጁ የሚነገረው ግን ሕገ ወጥ መረብ ሲቃጠል በሚያሳይ ምስል ነው፤ መረቡ ሲነድ ለካሜራ ያምራል። ባለ መንጠቆው ልጅ ትንሿን ዓሣ ወደ ውኃው ሲመልስ ማን አየው?

ቁጥር ፈላጊዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዓለም ዙሪያ በመዝናኛ መንጠቆ በዓመት ወደ 47 ቢሊዮን ዓሣ ይያዛል፣ ሁለት ሦስተኛው ገደማም ይለቀቃል የሚል ግምት እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሞ እስካሁን በየዘገባው ይጠቀሳል። ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ ብታዩ ትገረማላችሁ። የካናዳን መረጃ ወስደው ለዓለም አባዙት። ተመራማሪዎቹ አልደበቁም፤ ሌላው ዓለም የተሟላ ቆጠራ ስለሌለው ነው ያደረጉት። እንግዲህ የቦዬው ጎልማሳ በዓለም ስሌት ውስጥ አለ፤ ግን በአንድ ካናዳዊ ተወክሎ ነው ያለው።

ስለዚህ ዜናው ይምጣ እላለሁ? እላለሁ፤ ፈራ ተባ እያልኩ። ምክንያቱም ሚዲያችን አንድን ነገር ሲያገኝ የሚያደርገውን አውቃለሁ። "ያልተነካው የጅማ የዓሣ ሀብት" የሚል ልዩ ዝግጅት ይሠራል፣ በሳምንቱ መረብ የጫነ መኪና ይደርሳል። ወይም ውኃ ዳሩ ይነጠፋል፣ ወንበር ይተከላል፣ መንጠቆ መጣል ይከለከላል። ያ ጎልማሳ ቦዬ ዳር የሚቀመጠው ምናልባት ማንም ስለማይፈልገው ነው።

ቢሆንም የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሬዲዮ በዚሁ ከተማ አለ፤ የክልሉ ጣቢያም ይሰማል፤ ውኃውም ከተማው ጥግ ነው። እንግዳ አምጥቶ ስቱዲዮ ማስቀመጥ አያስፈልግም። መቅጃ ይዞ እሑድ ከሰዓት መውጣት፣ ከልጆቹ ጎን ቁጭ ማለት፣ "በቀን ስንት ኪሎ ታመርታላችሁ?" የሚለውን ጥያቄ ቢሮ ትቶ መሄድ ይበቃል። ክሩ ስንት ክንድ እንደሚወርድ፣ ውኃው መቼ እንደደፈረሰ፣ የትኛው ዓሣ እንደጠፋ፣ የትኛው አዲስ እንደመጣ እየጠየቁ። አማርኛም ኦሮምኛም እየቀላቀሉ ይመልሳሉ።

እኔ ያን ቀን ጎልማሳውን ሌላ ሁለት ጥያቄ ጠይቄው ነበር። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ክሩ ተወጠረ፣ እጁን አንስቶ ዝም እንድል ጠቆመኝ። ዝም አልኩ። ዓሣው ትሉን በልቶ ሄደ። ሰውዬው ወደኔ ዞሮ "ወሬ አበዙ" አለኝ።